ጁዲ ዴንችን ከየት ልጀምር ላላችሁ

የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ደውላ «ያቺን የጄምስ ቦንድ አለቃ ወድጃታለሁ፣ ሌላ ምን ሠርታለች?» አለችኝ። እንግሊዛዊቷን ተዋናይ ጁዲ ዴንችን ማለቷ ነው። በስልክ የነገርኳትን እዚህም ላስፍረው። የምኖረው ለንደን ስለሆነ የማገኝበትን መንገድ የምናገረው ከዚሁ አንጻር ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ በቦንድ አትጀምሩ። ከ1995ቱ «ጎልደንአይ» ጀምራ ኤም የምትባለውን የቦንድ አለቃ ሆና ተጫውታለች፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥራዋ ቢሮ ሆኖ ማዘዝ ነው። ሰፋ ያለ ሚና የሰጧት በ2012ቱ «ስካይፎል» ላይ ነው። «ሼክስፒር ኢን ላቭ»ንም አቆዩት። ኦስካር ያገኘችው በሱ ቢሆንም የምትታየው ከአሥር ደቂቃ በታች ነው። አንድ ጉርሻ አጉርሶ ማዕዱን እንደማንሳት ነው።

መጀመሪያ የ1997ቱን «ሚስስ ብራውን» እዩ። ንግሥት ቪክቶሪያ ባሏ አልበርት ሞቶባት፣ ጥቁር ለብሳ፣ ከሰው ተገልላ የተቀመጠችበት ዘመን ነው። ጆን ብራውን የሚባል ስኮትላንዳዊ ፈረስ አሳዳሪ ይመጣና በግድም በልመናም ከቤት ያስወጣታል። ዴንች ብዙ አትናገርም። ከንፈሯን ግጥም ታደርግና ዓይኗን ታሠራዋለች። ለቴሌቪዥን ታስቦ የተሠራ ፊልም ነበር። ሲኒማ ቤት ገባና ከ60 ዓመቷ በኋላ የመጀመሪያውን የኦስካር ዕጩነት አመጣላት።

ለእኛ ደግሞ ሌላ የሚያስቆዝም ነገር አለው። የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ፣ በሰባት ዓመቱ የቀረበው ለዚህችው ሐዘንተኛ ንግሥት ነው፤ ኦዝበርን በሚባለው የደሴት ቤቷ። ፊልሙ ስለሱ አያነሳም። እኔ ግን ኦዝበርን በተባለ ቁጥር ልጁ ከየትኛው በር ይወጣ ይሆን እያልኩ ነው የማየው።

ቀጥሎ የሼክስፒር ተውኔት «ማክቤዝ»። በ1976 ከኢያን ማኬለን ጋር በሼክስፒር ከተማ ስትራትፎርድ ውስጥ በምትገኝ ጠባብ ቴአትር ቤት የተጫወቱት ነው፤ በኋላ ለቴሌቪዥን ተቀረጸ። መድረኩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ጨለማና ፊት ብቻ። ቴአትር ሲቀረጽ ብዙ ጊዜ ይደርቃል፣ ይሄ ግን አይደርቅም። ዴንች የምትጫወታት የማክቤዝ ሚስት በእንቅልፍ ልቧ ስትሄድ የምታሰማውን ድምፅ ማታ ብቻችሁን ሆናችሁ አትስሙት። እንግሊዝኛው ይከብዳል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን አስቀድሞ ማንበብ በጣም ያግዛል።

ሳቅ ለሚፈልግ የቢቢሲው «አዝ ታይም ጎውዝ ባይ» አለ፤ ከ1992 እስከ 2005 የታየ ተከታታይ ድራማ። ወታደሩ ከኮሪያ ጦርነት የላከው ደብዳቤ ጠፍቶ የተለያዩ ፍቅረኞች ከ38 ዓመት በኋላ ይገናኛሉ። ቀስ ያለ ነው። እናቴ ቋንቋውን ሳትሰማ እንኳ ወደደችው።

ስንት ሰው መሆን እንደምትችል ማየት ከፈለጋችሁ «ኖትስ ኦን ኤ ስካንዳል»ንና «ፊሎሚና»ን በተከታታይ ማታ እዩ። በመጀመሪያው ብቸኝነት ያመረዛት አስተማሪ ናት። በሁለተኛው መነኮሳት ልጇን የወሰዱባት አየርላንዳዊት እናት። በመካከላቸው ያለው ሰባት ዓመት ብቻ ነው።

አሁን የት ይገኛሉ? በየወሩ የሚከፈልባቸው መተግበሪያዎች ይመቻሉ፣ ግን ፊልሞቹ ይመጣሉ ይሄዳሉ። አንዱን ለ«ሚስስ ብራውን» ብዬ ከፍዬ በሁለተኛው ሳምንት አነሱት። እኔ ዲቪዲ ይሻላል ባይ ነኝ። ቻሪቲ ሾፕ (ለበጎ አድራጎት ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ሱቅ) ውስጥ በአንድ ሁለት ፓውንድ ታገኛላችሁ፤ የሠፈር ቤተ መጻሕፍትም ያውሳል። አሜሪካ ላለ ዘመድ ከመላካችሁ በፊት ግን ሪጅኑን፣ ማለትም ዲቪዲው በየትኛው አካባቢ ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚያሳየውን ቁጥር፣ እዩ። የእንግሊዙ ሁለት፣ የአሜሪካው አንድ ነው። የአክስቴ ልጅ ያለችው ቨርጂኒያ ስለሆነ የላክሁላት «ማክቤዝ» ማጫወቻው አልቀበልም ብሏት ቁጭ ብሏል።