ትኩሳት ለሌለው ልጅ አንቲባዮቲክ ለምን?

የልጁ አጎት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የወንድሜ ልጅ 14 ወሩ ነው። ሰሞኑን ሰቆጣ ሄጄ ሳየው ደነገጥኩ፤ ከስቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ክንዱን ሲለኩት 11.2 ሴንቲ ሜትር፣ የመለኪያው ቀዩ ላይ አረፈ፤ ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። ፕላምፕኔት የሚባለውን የተጎዱ ልጆች የለውዝ ምግብ ሰጡን፣ እሺ። ግን አሞክሳሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ጨመሩበት። ትኩሳት የለው፣ ሳል የለው! እናቱ «የራበውን ልጅ በመድኃኒት ልግደለው?» ብላ ልትተወው ነው።

ነርሷ፦
ኧረ እንዳትተወው! በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ክፍል 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ትኩሳት የሚመጣው ሰውነት ሲዋጋ ነው፤ ለመዋጋት ደግሞ ስንቅ ያስፈልጋል። እንዲህ የከሳ ልጅ ኢንፌክሽን ይዞትም ላያተኩሰው ይችላል። እንዲያውም ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ነው እኛ የምንሯሯጠው። ደረት ውስጥ ታይመስ የሚባል እጢ አለ፤ ቲ ሴል የተባሉት የመከላከያ ሴሎች የሚበስሉት እዚያ ነው። ልጅ ሲጎዳ እጢው ይሟሽሻል። አንጀቱም ስለሚሳሳ ጀርም ወደ ደም ያልፋል። አሞክሳሲሊኑ ለዚህ ነው።

እግሩን በአውራ ጣት ጫን አድርገህ እይ። ጎድጉዶ ከቀረ እብጠት ነው፣ ቶሎ መልሱት። «ወፈረልን» ብለው ሲደሰቱ የቆዩ እናቶች አይቻለሁ። ፕላምፕኔቱንም ታላላቆቹ እንዳይቀራመቱት፤ ለእሱ መድኃኒቱ ነው።

ሹፌሩ፦
እኔ 104 ኪሎ ነኝ። ስንቅማ ሞልቷል፤ በሽታ አይደፍረኝም ማለት ነዋ! ግን ስኳር አለብኝ፣ ጫማ የላጠኝ ቁስል ሁለት ወር ሆነው።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ አይምሰልዎት። ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጆንያ አይደለም። ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ስብ ሲያልቅ ሌፕቲን ይወርድና ቲ ሴሎች ይደክማሉ። ሲበዛ ደግሞ ስቡ ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ይሰበሰቡና የማይበርድ የሰውነት መቆጣት (ኢንፍላሜሽን) ይቀሰቅሳሉ። ሌባ ሳይመጣ ሌሊቱን ሲጮህ ያደረ ውሻ፣ ሌባው ሲመጣ ደክሞት ይተኛል። በኮቪድ ጊዜ ውፍረት ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ የተጎዱት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ስኳሩ ከፍ ሲል ደግሞ ሴሎቹ ቁስሉ ላይ በደንብ አይሠሩም። ሁለት ወር የቆየ የእግር ቁስል በቤት አይያዝም፤ ነገ ይታዩ።

አጎትዬው፣ ልጁ የ9 ወር የኩፍኝ ክትባት ወስዷል? የከሳን ልጅ ኩፍኝ ካገኘው አይምረውም።

የልጁ አጎት፦
እግሩን ጫንኩት፣ አልጎደጎደም። መድኃኒቱን ጀምራለች። ካርዱን ግን አሁን ገለጥኩት፤ የ9 ወሩ ቦታ ባዶ ነው። ሰኞ ይዘነው እንሄዳለን።