ድንጋይ «እየከበደ ነው የሚመጣ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐረጎ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ መንገድ ዳር ናዳ ነበር። አንድ አባት «ራቅ በሉ ልጆቼ፣ ድንጋይ ከላይ ሲለቀቅ እየከበደ ነው የሚመጣ» አሉን። «እየፈጠነ» አላሉም። ይህ አነጋገር ሌላ ቦታ አለ? «ከበደ» እዚህ ላይ ሚዛን ነው ወይስ ሌላ ፍች አለው?

የኔታ ዘሐይቅ፦ ከግእዙ ጀምር ልጄ። ከብደ ከባድ ሆነ ነው። ከብድ ደግሞ ሆድ ነው። ሥሩ እዚያ ነው። እንዲያውም ከብረ የሱ ወንድም ነው እላለሁ። የተከበረን ሰው «ከበድ ያለ ሰው» እንል የለ?

ጦሳ፦ የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ደ እና ረ እንዲህ በቀላሉ አይለዋወጡም። ሁለቱ የየራሳቸው ሥር አላቸው።

የኔታ ዘሐይቅ፦ ቅኔ ቤት ስንት ክረምት ከረምክ?

ጦሳ፦ እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስለ ድንጋዩ ግን ልናገር። 10 ኪሎ ድንጋይ ገደል አፋፍ ላይም፣ አየር ላይም፣ መሬት ሊነካ ሲልም ምድር የምትስበው በ98 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ገደማ ነው። አይከብድም። የሚጨምረው ፍጥነቱ ነው። ስበቱ ስለማያቋርጥ በየሰከንዱ በፊት በነበረው ፍጥነት ላይ ሌላ ይጨምርበታል። አየሩን ብንተወው በ1ኛው ሰከንድ መጨረሻ በሰከንድ 9.8 ሜትር፣ በ2ኛው 19.6፣ በ3ኛው 29.4 ይደርሳል።

ሐረጎ፦ ጋሼ፣ ታዲያ አባት ተሳስተዋል ማለት ነው?

ጦሳ፦ አልወጣኝም! የከበደው ምቱ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ይዞት የሚመጣው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። የሚማታን ሰው «እጁ ከባድ ነው» እንላለን እንጂ እጁን ሚዛን ላይ አናወጣም።

ከሚሴ፦ ማሻአላህ፣ ጥሩ አልክ። «ስበት»ንም አትለፉት። ግእዙ ሰሐበ ነው። በዐረብኛም ሰሐበ ጎተተ ነው፣ ደመናውም ሰሓብ ይባላል። ወሎ ላይ ቄሱም ሸሁም አንድ ሥር ይዘዋል።

የኔታ ዘሐይቅ፦ እውነት ነው እህቴ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ድንጋይ ይወርዳል ወይስ ይወድቃል? በጸሎተ ሃይማኖት «ወረደ እምሰማያት» እንላለን፣ በፈቃዱ ነውና። ሉቃስ 10፥18 ላይ ግን ሰይጣን እንደ መብረቅ ከሰማይ «ሲወድቅ» ነው የታየው። ድንጋይ ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ወደቀ እንጂ ወረደ አይባልም።

ከሚሴ፦ ውሃውስ? ቁልቁል ወረደ አይደል የምንለው? ውሃ ምን ፈቃድ አለው?

ሐረጎ፦ እኔ የጠየቅኩት ስለ ከበደ ነበር።

ጦሳ፦ ወረደ መንገድ ይዞ ነው፣ ወደቀ ድጋፍ አጥቶ። ስሌቱ ግን አንድ ዓይነት ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ጋሊሊዮ ቀጥታ የሚወድቀው ነገር ፈጥኖበት ሊለካው ስላልቻለ ኳስ በተዳፋት እንጨት ላይ አንከባሎ ነው የለካ። እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በእኩል ጊዜ የሚኬደው ርቀት 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያለ ያድጋል። ተዳፋቱ ያዘገየዋል እንጂ ሥርዓቱን አይቀይረውም።

ቦሩ ሜዳ፦ ከባዱ ቀድሞ አይደርስም እንዴ?

ጦሳ፦ አየሩን ብንተወው አይቀድምም። አሥር እጥፍ ቢከብድ አሥር እጥፍ ይሳባል፣ ለማንቀሳቀስም አሥር እጥፍ ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1971 ጨረቃ ላይ አየር በሌለበት መዶሻና ላባ አብረው ተለቀው አብረው ነው የደረሱ።

የኔታ ዘሐይቅ፦ ከሚሴ ላነሳሽው ውሃ መልስ አገኘሁ። ዝናብ «ወረደ» የሚባለው በልክ ስለሚመጣ ነው።

ጦሳ፦ የኔታ፣ ይሄስ ያስኬዳል! የዝናብ ጠብታ ጥቂት እንደወረደ የአየሩ ግፊት ከክብደቱ ጋር ይተካከላል። ከዚያ ወዲያ ፍጥነት አይጨምርም። ትልቁ ጠብታ እንኳ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ባያዘገየው ኖሮ ዝናብ ይጎዳን ነበር።

ከሚሴ፦ እንግዲያ «ዝናብ ጣለ» የምንለውስ? ጣይ ማነው፣ ተጣዩስ?

የኔታ ዘሐይቅ፦ ጣለ ጥሕለ ከሚለው...

ጦሳ፦ ኧረ የኔታ፣ እንዲህ የሚል ግስ የት ነው ያለው?