ሜሪላንድ ውስጥ ለቤት መጠበቂያ የትኛው ሽጉጥ ይሻላል?

ጠያቂ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ወገኖች። አፓርታማ ውስጥ ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ4 እና የ9 ዓመት ልጆች። ሁለታችንም ግሪን ካርድ አለን። ሱቅ ብንሄድ «ለሴት ትንሿ ትሻላለች» ብለው ኪስ የምትገባ 9 ሚሊ ሜትር አሳዩን፤ ባለቤቴ ግን ማቀባበል አቃታት። ጥይቱ በሚሽከረከር ጎማ ውስጥ የሚገባው ሪቮልቨር ይሻል ይሆን? ወረቀቱስ ከየት ይጀምራል?

መልስ 1
ትንሿን ተዋት። ስትተኮስ ክብደት ስለሌላት የምትመታው እጅን ነው። ሁለቱ ማነጣጠሪያዎችም ስለሚቀራረቡ ቅንጣት ስህተት ኢላማው ላይ ሲደርስ ይሰፋል። ትንሽነት በልብስ ስር ለሚታጠቅ ሰው ነው እንጂ ለአልጋ ዳር ምን ይሠራል? እንደ ግሎክ 19 ያለ፣ በርሜሉ 4 ኢንች የሆነ መካከለኛ ያዙ። ካርታው (የጥይት መያዣው) በተለምዶ 15 ጥይት ይጎርሳል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን ከ10 በላይ የሚይዝ አይሸጥላችሁም።

ማቀባበሉ ብዙ ጊዜ የጉልበት ጉዳይ አይደለም። ሰው ስላይዱን (ከላይ ወደ ኋላ የሚሳበውን ብረት) በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ ይስበዋል፣ ያዳልጠዋል። ባዶውን ሽጉጥ ደረቷ አጠገብ ታምጣው፤ አፈሙዙ ወደ ኢላማ፣ ጣቷ ከምላጩ ውጪ። መዳፏን ከላይ አልብሳ በአራቱ ጣቶች ጭብጥ ታድርገውና በሌላው እጇ ሽጉጡን ወደ ፊት ትግፋው። እምቢ ካለ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዜድ የሚባለው ሽጉጥ አለ፤ ስፕሪንጉ ሆን ተብሎ የላላ ነው፤ 8 ጥይት ይይዛል።

መልስ 2
ሪቮልቨሩን እንዲህ በቀላሉ አንጣለው። የእጅ አንጓ ላላ ብሎ ከተተኮሰ እንደ ግሎክ ያለው ባለ ካርታ ሽጉጥ ቀለሁን ሳይተፋ ይነክሳል፤ የካርታውን ቂጥ መትቶ እንደገና ማቀባበል ይጠይቃል። ሪቮልቨር ይሄ የለበትም። ችግሩ ምላጩ ነው፦ ለመሳብ 5 ኪሎ ገደማ ይከብዳል፣ የግሎኩ ምላጭ የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ከወሰዳችሁ ከብረት የተሠራ ባለ 4 ኢንች፣ .38 ስፔሻል የሚባለውን ጥይት የሚጎርስ ይሁን።

መልስ 3
ወንድሜ፣ ከሽጉጡ በፊት ኤችኪውኤል የሚባለውን የሽጉጥ መግዣ ፈቃድ አውጡ፤ 21 ዓመት የሞላው፣ አሻራ የሰጠና ቢያንስ የ4 ሰዓት ሥልጠና የወሰደ ያገኘዋል። ሥልጠናው ላይ ጥይት ይተኮሳል። ከዚያ በኋላም ሽጉጡን ለመረከብ 7 ቀን ትጠብቃላችሁ። ሰው የሚመለሰው በጥቃቅን ነገር ነው፦ ቤት ቀይሮ መንጃ ፈቃዱ ላይ የድሮው አድራሻ ያለ፣ ግሪን ካርዱን ቤት ረስቶ የመጣ። በጓደኛ ገንዘብ ለጓደኛ መግዛት ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ «ውለታ ነው» አይባልም።

ጥይቱን ቀዳዳ አፍ ያለው ሆሎ ፖይንት አድርጉት፤ ሰውነት ውስጥ ተከፍቶ ይቆማል። ግን አትታለሉ፤ ከሳተ እሱም የአፓርታማ ግድግዳ ያልፋል። ጀሶው ቀዳዳውን ስለሚደፍነው እንዲያውም ሳይከፈት ነው የሚወጣው። ስለዚህ የልጆቹ አልጋና የጎረቤት ግድግዳ በየት በኩል እንደሆነ ዛሬውኑ ቆማችሁ እዩ።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ማስቀመጫውስ?

መልስ 3
ቁጥር እየተነካ የሚከፈት ትንሽ የብረት ካዝና፤ በቡሎን ከአልጋው ብረት ወይም ከግድግዳው እንጨት ጋር የታሰረ። ካልታሰረ ሌባው ከነሽጉጡ ያነሳዋል። የአሻራው ዓይነት እጅ ላብ ካለበት እምቢ ይላል። ባትሪ በየዓመቱ ይቀየር፤ መጠባበቂያ ቁልፉ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥ፤ ኮዱ የልጅ ልደት አይሁን፣ የ9 ዓመቱ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። የጎረሰ ሽጉጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቦታ መተው በሜሪላንድ ሕግ ያስከስሳል።