ምድጃው ሳይበርድ «ባዶ መሬት» ይባላል?

ቆሎ ተማሪ፦ ትናንት ማታ በድምፅ ውይይቱ ላይ ስለ አየርላንድ ስደት ሲወራ ሰምና ወርቅ የሚባለው ጓዳችን ያለውን የሰማ አለ? ላልሰማችሁ ልድገመው። «አይሪሹን ገበሬ ያሰደደው እንግሊዝ ብቻ አይደለም፣ ጎረቤቱም ነው። ሰው ተባሮ የቀረ ባዶ መሬት ማረስ ምን ኃጢአት አለው? ኃጢአቱ አራሹን እንደ ለምጻም ያገለሉት ሰዎች ጋ ነው» አለ። ተራ ሳይደርሰኝ ውይይቱ ተዘጋና አንጀቴ እያረረ ተኛሁ። እስቲ ዛሬ በጽሑፍ ይምጣ። ባዶ ማለት ምን ማለት ነው? ሰውየው የባለመሬቱ የኪራይ ውዝፍ አለብህ ተብሎ በፖሊስ ሲወጣ ድንቹ ገና አልተቆፈረም። ተመልሶ እንዳይገባ ጣሪያውን አፍርሰው፣ የምድጃውን እሳት አጥፍተውበት ነው የሚሄዱት። ባዶ!

ሰምና ወርቅ፦ እደግመዋለሁ፣ አልፈራም። ድንቹን በሽታ መትቶት ያ ታላቅ ረሃብ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1841 (ሁሉም በፈረንጅ ነው፣ ደግሞ በሱ እንዳንጣላ) ከ1 እስከ 5 ኤከር (አንዱ ኤከር 4 ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ ነው) የያዘው ገበሬ ከ300 ሺህ በላይ ነበር። በ1851 90 ሺህ አይሞላም። ከ30 ኤከር በላይ የያዘው ግን በዛ። ያ ሁሉ መሬት የት ገባ? ሎንዶን የተቀመጠው ሎርድ መጥቶ ድንች አልተከለበትም። ከግንቡ ወዲያ ያለው፣ ሁለት ላም ኖሮት አራት ማድረግ ያማረው ነው የያዘው። ይህን ስላልኩ የእንግሊዝ ጠበቃ አታድርጉኝ።

ሚኒሶታ፦ ጠበቃስ አትመስልም፣ የኪራይ ሰብሳቢ ነው የምትመስለው ሃሃሃ

ቆሎ ተማሪ፦ ቁጥሩን ተቀብያለሁ። በመሃል ግን አንድ ሕግ ዘለልክ። በ1847 ግሪጎሪ የሚባል የፓርላማ አባል ያስገባው አንቀጽ አለ። ከሩብ ኤከር በላይ የያዘ ሰው የመንግሥት እርዳታ አያገኝም። ከሩብ ኤከር! ልጆቹ ሆዳቸው ተነፍቶ ያየ አባት መሬቱን አስረክቦ ሾርባ ይሰለፋል፣ ወይም መሬቱን ይዞ አብሯቸው ይሞታል። ያ ያስረከበው ነው ላንተ «ባዶ»?

ሰምና ወርቅ፦ ሕጉ ግፍ ነው ብያለሁ እኮ። ግን ሕጉ ያስለቀቀውን መሬት የያዘው ሰው ሕጉን አላወጣም። አንተ የምትለኝ ይደር፣ አረም ይብላው ነው? መሬት ለቅሶ አይቀመጥም።

የማዮዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ታሪክ አልተማርኩም፣ ግን እዚህ በምዕራብ አየርላንድ፣ ማዮ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ቁርስ ላይ ለአንድ ሽማግሌ ሻዩን ክፍት ቦታ አይቼ ሌላ ሰውዬ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ሽማግሌው ኩባያውን በአንድ ጣቱ ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ፣ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ። ምንም አላለም። አለቃዬ ወደ ጓዳ ጠርታ «እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ አታስቀምጪ፣ የዚያኛው አያት ግራበር ነበር» አለችኝ። ግራበር ማለት የተባረረ ሰው መሬት የያዘ፣ ነጣቂ ማለት ነው። አያቱ እኮ ነው! ሰውየው ራሱ ዘጠና አልፎታል፣ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ነው።

ሰምና ወርቅ፦ እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ፣ ሥራዬን ሠራሽልኝ። ሦስተኛ ትውልድ! የአያቱን ኃጢአት በሻይ ኩባያ ይከፍላል። ይሄ ነው እንግዲህ የምታመሰግኑት ትግል።

የማዮዋ፦ ላንተ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ያስታወሱት ስለሚያም ነው እንጂ ሰው ዝም ብሎ መቶ ዓመት አያኮርፍም።

ሽማግሌው፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። እኔ ደብሊን ከገባሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። የተከራዮቹን ትግል የመራው የፓርላማ አባል ፓርኔል መስከረም 19 ቀን 1880 ኤኒስ ከተማ ላይ ሲናገር መጀመሪያ ሕዝቡን ጠየቀ፦ ጎረቤቱ የተባረረበትን እርሻ የሚጫረት ሰው ምን ይደረግ? ከመሃል «ግደሉት!» የሚል ጩኸት መጣ። እሱ ግን ከዚያ የተሻለ፣ ይበልጥ ክርስቲያናዊ የሆነ መንገድ ላሳያችሁ ብሎ ነው ማግለሉን ያመጣው። በመንገድ አትዩት፣ በሱቅ፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያንም ብቻውን ተዉት አለ። ማግለሉ በጥይት ፋንታ የመጣ ነገር ነው። ይህን ሳትይዙ ብትከራከሩ ከንቱ ነው።

ሰምና ወርቅ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ «ክርስቲያናዊ» የምትለዋን ቃል እንዴት ዋጧት? ቀጥቃጩ ለፈረሱ ጫማ አይመታለትም፣ ባለሱቁ ዱቄት አይሸጥለትም፣ ቅዳሴ ሲገባ ወንበሩ ላይ ያለው ሁሉ ተነስቶ ይሄዳል። ሜሄል የሚሉት የእነሱ ደቦ አለ፣ ድርቆሽ ሲታጨድ ሠፈሩ ወጥቶ የሚተጋገዝበት። ከዚያ የወጣ ሰው በዚያ ዝናብ ብቻውን ድርቆሹን ሰብስቦ አይጨርስም፣ ይበሰብስበታል። ከብቱ በክረምት ይሞታል። ክርስቲያናዊ!

ሽማግሌው፦ ከጥይት ይሻላል ነው ያልኩህ። ጽድቅ ነው አላልኩም።

ሚኒሶታ፦ እኛስ ከዕድር ስናስወጣ ክርስቲያናዊ ነን እንዴ። እዚህ አንድ ዕድር ነበር፣ ሰውየው የፓርኪንግ ቦታ ወሰደብኝ ብለው አስወጡት።

ሃይፋ፦ ሃሃሃ ይሄ ሌላ ክር ይከፈትለት

ቆሎ ተማሪ፦ ቀልዱ ይቆየን። ሰምና ወርቅ፣ ማግለሉ ደካማ ላይ ብቻ ያረፈ አስመሰልከው። ማግለሉን «ቦይኮት» የሚሉት ቃል የወጣው ከማን ስም ነው? ከካፒቴን ቦይኮት። ማዮ፣ ሎክ ማስክ፣ የባለመሬቱ የሎርድ ኧርን ወኪል። ተከራዮቹ ኪራይ በመቶ 25 ይቀነስልን አሉ፣ ጌታው 10 አለ፣ ቦይኮት የማስለቀቂያ ወረቀት ላከ። ወረቀቱን ያመጣውን ሰው ሴቶቹ ናቸው ጭቃ እየወረወሩ የመለሱት። ከዚያ ሠራተኛው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ደብዳቤ የሚያመጣው ልጅ ሁሉ ጥለውት ሄዱ። አዝመራውን ለመሰብሰብ ከካቫንና ከሞናሃን 50 ሰው መጣ፣ እነሱን ለመጠበቅ ደግሞ 1,000 ያህል ወታደር። 500 ፓውንድ ለሚያወጣ አዝመራ መንግሥት 10,000 ፓውንድ ከሰከሰ ተባለ። ይኼ ግፍ ነው? ይኼ ጥበብ ነው!

ሰምና ወርቅ፦ ቦይኮት ወኪል ነው፣ እሱን አልከላከልም። ታላቁን ሰው ስታመጣብኝ ትንሹ ጠፋ። እኔ የማወራው አምስት ልጅ ይዞ ከግንቡ ማዶ ስላለው ገበሬ ነው። ደግሞ «ነጣቂ» የምትለዋ ስም ለስንት የግል ቂም እንደዋለች ታውቃለህ? ከረግረግ በሚቆረጠው የአፈር ማገዶ ድንበር የተጣሉ፣ በዝይ የተጣሉ፣ የሱቅ ተፎካካሪዬን ላጥፋ ያለ ነጋዴ፣ ሁሉም «ነጣቂ ነው» እያለ ሲያስገልል ነበር። ሰው በመንደር ሲፈርድ እንዲህ ነው።

የማዮዋ፦ የዝዩ ነገር እውነት ነው። በድሮው የምዕራቡ አያያዝ የአንድ ቤተሰብ መሬት በአንድ ቦታ አልነበረም፣ እዚህም እዚያም የተበጣጠሰ ቁራጭ ነው፣ አጥር የለውም። ያንዱ ፍየል የሌላውን አጃ ትበላለች፣ ከዚያ እስከ ትንሹ ፍርድ ቤት። ክሌር ደሴት ሄጄ አይቻለሁ፣ በ1895 የመንግሥት ቦርድ ደሴቷን ገዝቶ ቁርጥራጩን አሰባሰበ፣ እርሻውን ከተራራው ግጦሽ የሚለይ ረጅም የድንጋይ ግንብ ሠራ። ግንቡ ዛሬም አለ። አብራኝ የሄደችው አይሪሽ «ጠባችንን ያስቆመው ይሄ ድንጋይ ነው» አለችኝ፣ እየሳቀች።

ሃይፋ፦ በበግ የተጀመረውን ጠብስ? ማምትራስና የምትባል መንደር። በ1882 ነሐሴ አንድ ቤተሰብ ጆይስ የሚባል፣ አምስት ሰው በሌሊት ተገደለ፣ የበግ ስርቆት ጥርጣሬ አለበት ይባላል። የተከሰሱትም የመሰከሩባቸውም ጎረቤትና ዘመድ ናቸው። ማይልስ ጆይስ የሚባለው አይሪሽ እንጂ እንግሊዝኛ አያውቅም፣ ችሎቱ በእንግሊዝኛ ነው። አብረውት የተሰቀሉት ሁለቱ «እሱ የለበትም» ብለው ነበር፣ ማንም አልሰማቸውም። ታኅሣሥ ላይ ጋልዌይ ተሰቀለ። ይቅርታው በ2018 ከፕሬዚዳንቱ መጣ፣ ከ136 ዓመት በኋላ። እኔ እዚህ ፍርድ ቤት ላስተረጉም የገባሁባቸው ቀናት አሉ፣ ተከሳሹ ሁሉም ሰው አፍ አፍ እያየ ሲቀመጥ አውቀዋለሁ። ይህን ታሪክ ሳስብ ይከፋኛል።

ሰምና ወርቅ፦ ይኸው! ጎረቤት!

ቆሎ ተማሪ፦ ገመዱን ያሰረው ጎረቤት ነው? ባልገባው ቋንቋ የፈረደበትስ? አንተ ሁሉን ወንዝ ወደ አንድ ወፍጮ ነው የምትመራው።

አድሚን፦ ወደ ርእሱ ተመለሱ። በነገራችን ላይ ማንም «ባላባት» ብሎ እንዳይጽፍ፣ ባላባት ሌላ ነው። ባለመሬት በሉ።

ሚኒሶታ፦ ማንም ባላባት አላለም አድሚን፣ ክሩን አንብብ።

አድሚን፦ ትናንት ነው የተባለው።

የማዮዋ፦ እናንተ ወንዶች ስለ መሬት ትጮሃላችሁ፣ የሄዱትን አንድም ሰው አላነሳም። ከረሃቡ በኋላ እርሻ አይከፋፈልም፣ አንድ ልጅ ይወርሳል፣ አንዷ ጥሎሽ ካለ ትዳራለች፣ ሌላው መርከብ ነው። ከሚሄዱት ግማሽ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። በሄደችበት ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ዘፈንም ለቅሶም ይደረጋል፣ የአሜሪካ ለቅሶ ይሉታል፣ ሰው ሳይሞት። ቦስተን ሰው ቤት ተቀጥራ ሰሃን እያጠበች የላከችው ሐዋላ ነው የወንድሟን ኪራይ የከፈለው። ሰምና ወርቅ እንዳለው ጎረቤት ከሆነ ያሰደዳት፣ ወንድሟስ? እናቷስ?

ሚኒሶታ፦ መሬቱ በማን ስም ነበር?

የማዮዋ፦ በማን ይሆናል? በወንድምየው።

ሚኒሶታ፦ ወይ ጉድ። ወንድሜ ይህን ባያነብ።

ቆሎ ተማሪ፦ የማዮዋ ልክ ነሽ፣ ግን የነዚያ እህቶች ዶላር ኪራይ ብቻ አልከፈለም፣ የመሬት ሊጉን፣ የተከራዮቹን የትግል ማኅበርም ደገፈ። ሊጉን ከመሠረቱት አንዱ ማይክል ዳቪት ራሱ በ4 ዓመቱ ከማዮ ከቤተሰቡ ጋር ተባሮ ላንካሻየር የገባ ነው፣ በ11 ዓመቱ የጥጥ ፋብሪካ ማሽን ቀኝ እጁን ቆረጠው። የሱ ቤተሰብ የለቀቀውንም ባዶ ትለዋለህ?

ሰምና ወርቅ፦ በቃ እጅ ስታሳየኝ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው? እኔም ልጠይቅህ። በ1883 ለቀን ሠራተኛው ጎጆና ግማሽ ኤከር የሚል ሕግ መጣ። በ1903 ደግሞ ተከራዩ ከመንግሥት ተበድሮ እርሻውን እንዲገዛ ተደረገ። ማን ገዛ? እርሻ ይዞ የቆየው። የተባረረው ሰው ልጅ ኒው ዮርክ ነው። ነጣቂውን ያገለለው ሠፈር፣ የሄደው ጎረቤቱን ቁራጭ አብሮ አልገዛም? ግማሹ «ነጣቂ!» ብሎ እየጮኸ ድንበሩን በአንድ ክንድ ገፍቷል።

ቆሎ ተማሪ፦ ሁሉም አጥፍቷል ስለዚህ ማንም አላጠፋም። ይህን ዘዴ አውቀዋለሁ።

ሽማግሌው፦ የጨው ክምር ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ልጄ ሰምና ወርቅ፣ የላሰውን ሰው ረሃብ አይቼ አዝንለታለሁ። ግን አልላሰም አትበለኝ።

ሰምና ወርቅ፦ ጋሼ፣ ላሰ። ልጆቹ ስለራባቸው ላሰ። ይህን ነው የምለው እኮ።

ሽማግሌው፦ እንግዲያው «ባዶ» የሚለውን ተው።

ሰምና ወርቅ፦ ... «የተለቀቀ» ልበል?

ቆሎ ተማሪ፦ ማን ነው የለቀቀው? ደሪቬይ፣ ዶኔጋል፣ 1861። አዴር የሚባል ባለመሬት በሦስት ቀን 244 ሰው አወጣ። ብዙዎቹ አውስትራሊያ ገቡ። ለቀቁ ይባላል? ለቀቁ!

ሰምና ወርቅ፦ ያኔ አዴር መሬቱን ለጎረቤት አልሰጠም፣ ለበግ ነው የፈለገው። ያመጣኸው ምሳሌ ለኔ ነው። አሁን ቀጥታ መልስልኝ። 1881 ነው፣ አንተ ማዮ ነህ፣ 4 ኤከር አለህ፣ አምስት ልጅ፣ ድንቹ ሁለት ዓመት ከሽፏል። ከግንቡ ማዶ ያለው ሰው ተባሯል፣ ሊቨርፑል ገብቷል፣ አይመለስም። ወኪሉ መጥቶ ያዘው ይልሃል። ትይዛለህ?

ቆሎ ተማሪ፦ ጥያቄው ተንኮል ነው።

ሰምና ወርቅ፦ አዎ ወይስ አይደለም።

ሚኒሶታ፦ ፋንዲሻ ያመጣ አለ?

የማዮዋ፦ እኔ ልሂድ፣ ነገ የጠዋት ፈረቃ ነኝ። ሁለቱን ሽማግሌዎች ለየብቻ ማስቀመጥ አለብኝ፣ አንዱ በመስኮቱ በኩል፣ አንዱ በበሩ በኩል።

ሃይፋ፦ ደህና እደሪ እህቴ። ሰላም በይልን።

ሰምና ወርቅ፦ ቆሎ ተማሪ፣ አልመለስክልኝም።

ቆሎ ተማሪ፦ እያሰብኩ ነው። ድንቹ ማን የተከለው ነው ግን?