የድሮ ዲፕሎማ ላይ ያለ የሩሲያ ከተማ ስም በእንግሊዝኛ እንዴት ይጻፍ?

ጠያቂ (አዳማ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ1986 እ.ኤ.አ. የሩሲያኛ ዲፕሎማ ወደ እንግሊዝኛ ልተረጉም ነው። ከተማው «ጎርኪ» ይላል፤ ካርታ ላይ ግን ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ነው። የቱን ልጻፍ? መጨረሻውስ በዋይ ነው ወይስ በሁለት አይ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ዲፕሎማው የሚለውን ጻፍ። ከተማዋ ከ1932 እስከ 1990 ጎርኪ ነበረች። ናዝሬት የሚል የድሮ ሰርተፍኬት ስንተረጉም አዳማ ብለን አንቀይረውም፤ ይህም እንደዚያው ነው። የአሁኑን ስም በግርጌ «የተርጓሚ ማስታወሻ» ብለህ አስገባው። ያኔ ግን ሙሉውን ጻፍ! ኖቭጎሮድ ብቻ ካልክ አንባቢው ቬሊኪ ኖቭጎሮድ ሊመስለው ይችላል፤ እሱ ሌላ ከተማ ነው። «ኒዥኒ» ታችኛው ማለት ቢሆንም አይተረጎምም።

መልስ 2፦ ፊደሉ ጂ፣ ኦ፣ አር፣ ኬ፣ ዋይ ነው። በሩሲያኛው ከአር ቀጥሎ ያለችው ለስላሳ ምልክት የራሷ ድምፅ የላትም። አንዳንድ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ በአፖስትሮፍ ያሳያታል፣ መጨረሻውንም በሁለት አይ ይጽፋል፤ ለዲፕሎማ ግን ተዋት፣ የማመልከቻ ቅጾች አፖስትሮፍ ላይቀበሉ ይችላሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማኅተሙ ላይ ነው። እዚያ «ጎርኮቭስኪ» ይላል፤ ይህ ቅጽል እንጂ ሌላ ከተማ አይደለም። ዩኒቨርሲቲውን በእንግሊዝኛ «ጎርኪ ስቴት ዩኒቨርሲቲ» በለው።

መልስ 1፦ ትክክል። ትራንስክሪፕቱ ላይም ያንኑ አጻጻፍ ያዝ፤ አንድ ፊደል ከተለያየ የሚያጣራው ሰው ሁለት ተቋም ሊመስለው ይችላል።