ቁም ሳጥኑ ዋንዛ ይሁን ኤምዲኤፍ? ወለሉስ?

የጀሞዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጀሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየማችንን እያጠናቀቅን ነው። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ቁም ሳጥን፣ የወጥ ቤት ካቢኔትና የመኝታ ቤቱ ወለል ቀርተውናል። አናጢው «ሁሉንም በዋንዛ ልሥራላችሁ፣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል» ይላል። የጣውላ መሸጫው ባለቤት ራሱ ደግሞ «ዛሬ ማን ጣውላ ይገዛል? ኤምዲኤፍ አድርጉት» አለን፤ ከተጨመቀ የእንጨት ዱቄት የሚሠራውን ሰሌዳ ማለቱ ነው። የዋንዛው ዋጋ የኤምዲኤፉን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። እናቴ የኤምዲኤፉን ቁራጭ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አድርጋ «ሰጋቱራ በገንዘብ ይገዛል እንዴ?» ብላ ነገሩን ዘጋችው። ባለቤቴ ግን ሰጋቱራውን መርጧል። የሞከራችሁት ምን ትላላችሁ?

መላጊያ
እህቴ፣ ሠላሳ ዓመት እንጨት ስልግ ኖሬአለሁና ለጣውላ እንደማደላ ቀድመሽ እወቂ። ቢሆንም አናጢሽን ስለ ዋንዛነቱ ሳይሆን ስለ ድርቀቱ ጠይቂው። የእንጨት እርጥበት ከ30 በመቶ ገደማ በታች መውረድ ሲጀምር እንጨቱ ይኮማተራል፤ የሚኮማተረውም በወርዱ እንጂ በቁመቱ አይደለም ማለት ይቻላል። ነሐሴ ላይ በእርጥቡ የተገጣጠመ በር ጥር ሲገባ መሃሉ ላይ ሳንቲም የሚያሾልክ ክፍተት የሚያወጣው ለዚህ ነው። ያኔ ሰው አናጢውን ይረግማል፤ አናጢው ዛፉን ይረግማል። ጣውላ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት እየገባ ተደርድሮ ነው የሚደርቀው። የቆየው ልምድ ለሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይሰጠዋል።

መለኪያ መሣሪያ ባይኖርሽም ግድ የለም። ከሚሠራልሽ ጣውላ አንድ ሜትር ቁራጭ ለምኚና በወጥ ቤት ሚዛን መዝኝው። ክብደቱን በእርሳስ እዚያው ላይ ጻፊ፤ ቤት ውስጥ አስቀምጠሽ በየሳምንቱ መዝኝው። እየቀለለ ከሄደ ገና ውኃ እየገዛሽ ነው።

የአራብሳዋ
እኔ የምናገረው ስለ ወለል ብቻ ነው። ሳሎኔን ያስነጠፍኩት «ፓርኬ» ተብሎ የተሸጠልኝን ነው። ለካስ ሻጩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ነው የሚጠራቸው። አንደኛው ላሚኔት ነው፤ ከታች የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት፣ ከላይ የእንጨት ሥዕል የታተመበት ወረቀትና ጠንካራ ሽፋን ነው። ሁለተኛው በኮምፔርሳቶ (ስስ እንጨቶች ተደራርበው በተጣበቁበት ሰሌዳ) ላይ ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን እውነተኛ እንጨት የተለበጠበት ነው። የእኔ የመጀመሪያው ነበር።

የሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አንድ ቀን ቧንቧውን ከፍቼ፣ ጠብ የሚል ነገር ሳጣ ረስቼው ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ ከበሩ ሥር ውኃ ይወጣል። ወለሉን በጨርቅ አደረቅሁትና ተርፏል ብዬ ተደሰትኩ። በሦስተኛው ቀን መጋጠሚያዎቹ እንደ አምባሻ ጠርዝ ተነሡ። ያበጠው ሲደርቅም አልተመለሰም፤ ሁሉንም አስነሣሁ። መኝታ ቤት ይሁንልሽ፤ ወጥ ቤት ደጃፍ ግን እንዳታደርሽው።

ቡና ጥላ
ዋንዛን በሚመለከት አንድ ነገር። በ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከተከለከሉት ዛፎች መካከል ናቸው። ዋንዛ ግን ገበሬው በማሳውና ለቡና ጥላ የሚያሳድገው ዛፍ ስለሆነ በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥም አለ። ከየት እንደመጣ ጠይቂ፤ ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አገኘሽ ማለት ነው።

ከሚኒሶታ
ደረቅ ነው የተባለው ዋንዛም ቢሆን አገር ሲቀይር ያኮርፋል። እናቴ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ረከቦት ሐምሌ ላይ እንደ መስታወት ነበር። እዚህ ክረምቱ ገብቶ ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው፣ አንድ ሌሊት እንደ ጥይት ጮኸና ከጠርዝ እስከ መሃል ተሰነጠቀ። አጠገቡ የነበረው ርካሽ የችፑድ (የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ) ጠረጴዛ ምንም አልሆነም። ቡናው አሁንም በዚያው ረከቦት ይቀርባል፤ ስኒዎቹን ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ እንደረድራለን።

የጀሞዋ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ መላጊያ፣ ታዲያ እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

መላጊያ
የቁም ሳጥኑን አካል በ18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ አሠራ ነበር። ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ግን ሰፊና ለጥ ያለ ነገር ላይ ኤምዲኤፍ አይጣመምም። በሮቹን ግን ክፈፋቸውን በዋንዛ፣ መሃሉን በቦይ ውስጥ ሳይጣበቅ በሚቀመጥ ስስ ገበታ። አናጢው መሃሉን በኮላ ካሰረው እንጨቱ መላወሻ ያጣና ይሰነጠቃል፤ ቆመሽ እዪው። የምትከፍችው፣ የምትነኪውና የምታዪው ዋንዛ ይሆናል፤ እናትሽም ይታረቃሉ።

ወጥ ቤት ውስጥ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ኤምዲኤፍም ችፑድም አይግባ፤ ኮምፔርሳቶ ይሁን፤ ከወለሉም በ10 ሴንቲ ሜትር እግር ይነሣ። የቀረው በኤምዲኤፍ ቢሠራ ጠርዙ ሁሉ፣ የማይታየው የጀርባው ጠርዝ ጭምር፣ ይታሸግ። ውኃ የሚገባው በፊቱ አይደለም፣ በጠርዙ ነው። ብሎንም ጠርዝ ላይ አጥብቆ አይዝም፤ የችፑድ በር ማጠፊያው ተነቅሎ ተንጠልጥሎ የምታዪው በዚህ ነው።

ለወለሉ ሊሾው ይድረቅ። አዲስ ከሆነ በአንድ ሜትር ካሬ ፕላስቲክ ሸፍነሽ ጠርዙን በፕላስተር አጣብቂ፤ በማግሥቱ ከሥሩ ጤዛ ካገኘሽ አታንጥፊ። ስታነጥፊም በግድግዳው ዙሪያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች የጣውላ ወለል ይህን ያህል የቆየው ከሥሩ አየር የሚዘዋወርበት ባዶ ቦታ ስላለው ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ያን አታገኚም፤ ስለዚህ ሙሉ ጣውላ በሊሾ ላይ አልመክርሽም። ገንዘቡ ካለ ኮምፔርሳቶ ላይ የተለበጠውን፣ ከሌለ ላሚኔቱን።

ነርሷ
ኤምዲኤፍ ስትገዙ ኢ1 የሚል ደረጃ እንዳለው ጠይቁ፤ ከኮላው የሚወጣውን ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጎጂ ጋዝ የሚመለከት ነው። ቁም ሳጥኑ ከገባ በኋላም ልብስ ሳታስገቡ መስኮቱን ከፍታችሁ በሩን ለጥቂት ቀናት ገርበብ አድርጋችሁ አቆዩት። ሕፃን ካለ በተለይ።

የጀሞዋ (ጠያቂ)
ከአናጢው የዋንዛ ቁራጭ ወሰድኩ። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ያን ቀን 2 ኪሎ ከ640 ግራም ነበር፤ ዛሬ በዘጠነኛው ቀን 2 ኪሎ ከ480። ቁጥሩን በእርሳስ እንደጻፍኩት ወስጄ ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለና «እንግዲያው በሮቹን ከጥምቀት በኋላ እንሥራቸው» አለኝ። እናቴ ሚዛኑን መልሺልኝ እያለች ነው።

መላጊያ
አትመልሺ። ክብደቱ ገና ይወርዳል።