ኡፕሳላ ለሚሄድ ተማሪ፦ ወደ ባህል ዝግጅቶቹ በየት በኩል ይገባል?

ጠያቂ፦ የጣና ዳር ልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። በስዊድን አገር በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ለመጀመር በመጪው ነሐሴ ከባሕር ዳር እነሣለሁ። ስለ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ስለ ክፍያውና ስለ ትምህርቱ የሚነግረኝ ሰው አላጣሁም፤ ያጣሁት ከትምህርት ሰዓት ውጭ ስላለው ኑሮ የሚያጫውተኝ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪዬንም የያዝሁት ፔዳ ግቢ ስለ ሆነ አንድም ዓመት በዓል ከቤተሰብና ከጎረቤት ተለይቼ አሳልፌ አላውቅም። እዚህ ጥምቀት ሲደርስ ማንም ጥሪ አይጠብቅም፤ ነጭ ለብሶ መንገድ የወጣ ሁሉ የበዓሉ ባለቤት ነው። በኡፕሳላ ብዙ የባህልና የተማሪዎች ዝግጅት እንዳለ አነባለሁ፤ ነገር ግን በፎቶግራፍ የማያቸው ሰዎች ሁሉ አስቀድመው የሚተዋወቁ ይመስሉኛል።

እኔ መጠጥ አልጠጣም፤ አጽዋማትን እጾማለሁ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመት ስለ ዘመርሁ መዘመር እወዳለሁ፤ ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር ግን ይከብደኛል። እንዲህ ያለ ሰው ዳር ቆሞ ከመመልከት አልፎ ውስጥ የሚገባባቸው ዝግጅቶች የትኞቹ ናቸው? ከዚህስ ምን ይዤ ብሄድ ይጠቅመኛል? በዚያ የኖራችሁ ወይም አሁንም ያላችሁ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የፊሪስ ማዶ

እህቴ፣ በኡፕሳላ ሁለት ዓመት ተምሬ ወደ ባሕር ዳር ከተመለስሁ ቆይቻለሁ፤ ጥያቄሽን ሳነብ ግን የመጀመሪያው መስከረሜ ትዝ አለኝ። አስቀድመሽ ልታውቂው የሚገባው ቃል «ናሹን» የሚለው ነው። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1477 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጡት ተማሪዎች የየራሳቸውን የአገር ልጆች ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ 13 ናሹኖች አሉ፤ ስማቸውም እስካሁን ስሞላንድ፣ ጎትላንድ፣ ኖርላንድ እየተባለ በየአገራቸው ይጠራል። እኛ የተወላጆች ማኅበር እንደምንለው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ከጎጃምም ይምጣ ከቻይና ማንኛውም ተማሪ በወደደው መመዝገብ መቻሉ ነው። መዋጮው በየመንፈቀ ዓመቱ ይከፈላል፤ በአንዱ የተመዘገበም የሌሎቹን በር ክፍት ያገኘዋል። ናሹኖቹ የራሳቸው ቤትና ወጥ ቤት አላቸው፤ ብዙዎቹም የመዘምራን፣ የሙዚቃና የቲያትር ቡድን አላቸው።

አሁን ስሕተቴን ልንገርሽ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ያመለጠኝ ዝግጅት አልነበረም። በሴፕቴምበር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ማለትም ከእኛ እንቁጣጣሽ ጋር በሚገጥመው ሰሞን፣ «የባህል ሌሊት» የሚባል አለ፤ ያን ዕለት በከተማው ውስጥ በየሙዚየሙ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየአደባባዩ ሙዚቃና ትርኢት ስለሚቀርብ እስከ ሌሊት ድረስ ስዞር አመሸሁ። አጨበጨብሁ፣ ፎቶግራፍ አነሣሁ፣ ብቻዬን ወደ ክፍሌ ተመለስሁ። ከዚያ በኋላም በሄድሁበት ሁሉ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ በስልኬ ውስጥ ብዙ መቶ ፎቶግራፍ ነበረ፤ ደውዬ የማናግረው ሰው ግን አልነበረም።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንድ የማደሪያችን ልጅ የናሹናቸው ወጥ ቤት ለአንድ ምሽት ሰው ጎድሎት እንደ ነበረ ነገረኝና ሄድሁ። አንድ ጆንያ ድንችና ሁለት ቢላዋ ሰጡን። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠው ከሰሜን የመጣ የክፍሌ ልጅ ነበር፤ አራት ወር ሙሉ ከጎኔ ተቀምጦ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተናገረኝም። ዐይኑን ከድንቹ ሳያነሣ የከተማዬ ስም ትርጉሙ ምን እንደ ሆነ ጠየቀኝ። የባሕር ዳርቻ ማለት እንደ ሆነና ባሕር የምንለው ግን ሐይቅ እንደ ሆነ ስነግረው፣ በእነሱም ቋንቋ «ሾ» የሚለው ቃል ለሐይቅም ለባሕርም እንደሚያገለግል አስረዳኝ። ጆንያው ሲያልቅ ስለ ደንገል ታንኳና ስለ ዓሣ ማጥመድ እያወራን ነበር። ዕቃ አጥበን ስንለያይ «ታክ ፎር ኢዳ» አለኝ፤ ስለ ዛሬው አመሰግናለሁ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ እናትና አባቱ ቤት ወስዶኝ ሰነበትሁ።

በእኛስ አገር ዳስ ውስጥ ተጋባዥ ሆኖ የተቀመጠ በልቶ መርቆ ይሄድ የለምን? ከባለ ድግሱ ጋር የሚዛመደው ሽንኩርት ሲከትፍ ያመሸው ነው። ስዊድኖችም ሥራ በእጃቸው ካልያዙ ወሬ መጀመር እንደ አንቺው ይከብዳቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ናሹን መርጠሽ ለሥራ ተመዝገቢ። መጠጥ ከሚሸጥበት ምሽት ይልቅ የ«ፊካ»ውን ሰዓት ምረጪ፤ ፊካ ቡናና ጣፋጭ ዳቦ ይዞ መጫወት ነው።

መልስ፦ ከፍሎግስታ

እህቴ፣ እኔ አሁን በኡፕሳላ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ የምኖረውም ፍሎግስታ በሚባለው የተማሪዎች ሰፈር ነው። ወንድማችን ከላይ የጻፉትን አልደግምም፤ ስለ ጾሙና ስለ ጨለማው ልጨምር።

ጾም እዚህ ከአሰብሁት በላይ ቀሎኛል፤ ምክንያቱም የጾም ምግብ በእነሱ ቋንቋ «ቪጋን» የሚባለው ነው፤ በየምግብ ቤቱም ይገኛል። «ቬጀቴሪያን» ብለሽ እንዳትመዘገቢ ግን ተጠንቀቂ፤ ወተትና እንቁላል ይቀርብልሻል። ናሹኖች የሚያሰናዱት «ጋስክ» የሚባል ወግ ያለው እራት አለ፤ ረጅም ማዕድ ተዘርግቶ በየመካከሉ ሁሉም የዘፈን መጽሐፉን ገልጦ በአንድነት ይዘፍናል፤ ብዙዎቹም የመጠጥ ዘፈኖች ናቸው። ስትመዘገቢ ቪጋን እንደ ሆንሽና አልኮል የሌለበት መጠጥ እንደምትፈልጊ ጻፊ። እኔ እስካሁን ጽዋዬን በውኃ አነሣለሁ፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የሀበሻ ቀሚስሽን አትተዪ። በጣም መደበኛ በሆኑት ግብዣዎች ወንዶች ጭራ ያለው ጥቁር ኮት፣ ሴቶች ረጅም ቀሚስ ይለብሳሉ፤ በእነሱ ሥርዓት ግን የአገር ባህል ልብስ ከዚያ እኩል የክብር ልብስ ነው። የውሰት ቀሚስ ፍለጋ ሳትደክሚ በጥልፍሽ ትገቢያለሽ።

ጨለማውን አላቃልልብሽም። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወጥታ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊቱ እምብዛም በማይበላለጥበት በጣና ዳር ላደገ ሰው ይህ ሆድ ያስብሳል። የሉሲያ በዓል የሚውለው በዚያን ጊዜ፣ ዲሴምበር 13 ቀን፣ በእኛ ታኅሣሥ 4 ነው። ባለፈው ዓመት ገና ሳይነጋ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበን መብራቱ ጠፋ፤ ከበሩ ወዲያ ዝማሬ ተሰማ፤ ነጭ የለበሱ ልጆች በሰልፍ ገቡ፤ ከፊት የምትመራው በወገቧ ቀይ መቀነት፣ በራሷ ላይ የሻማ አክሊል ነበራት። ጧፍ ይዤ በነጠላ ያደግሁበት ቤተ ክርስቲያን ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝና አለቀስሁ። አጠገቤ የነበረች ስዊድናዊት ምንም ሳትናገር መሐረብ ሰጠችኝ። በኋላ የሚታደለው በሳፍሮን ቢጫ የሆነ ዳቦ ቅቤ አለበት፤ ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለ ሆነ ለገና አስቀምጬዋለሁ። ለበዓላት ቅዳሴ ስቶክሆልም የእኛ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ፍሎግስታ ቤት ከደረሰሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ከየመስኮቱ ጩኸት ትሰሚያለሽ። የደረሰ አደጋ የለም፤ ተማሪዎች የጥናት ድካማቸውን የሚያወጡበት የቆየ ልማድ ነው።

መልስ፦ ባለ ብስክሌት

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ በአንድ ነገር ግን ላስጠነቅቅሽ። በዚያ አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ የሚሰጠው አንዱ ኮርስ ሲያልቅ ሌላው እየተጀመረ ስለ ሆነ አንዱ ኮርስ በአምስት ሳምንት አካባቢ ተጠናቆ ይፈተናል። የናሹን ሥራ ጣፋጭ ነው፤ እኔም ሦስት ምሽት በሳምንት እየሠራሁ አንዱን ፈተና ደግሜ ተፈትኛለሁ። ለመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ይበቃሻል።

ኃይልሽን ልታውዪበት የሚገባው ኤፕሪል 30፣ በእኛ ሚያዝያ 22 የሚውለው ቫልቦርግ ነው። ጠዋት ተማሪዎች ራሳቸው በሠሯቸው አስቂኝ ቅርጽ ባላቸው ታንኳዎች በፊሪስ ወንዝ ፏፏቴ ይወርዳሉ፤ ከተማው በሙሉ ድልድይና ዳርቻው ላይ ይቆማል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በካሮሊና ሬዲቪቫ ቤተ መጻሕፍት ሰገነት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ነጭ ቆቡን ሲያውለበልብ ከታች የቆመው ሕዝብ ሁሉ የራሱን ቆብ ያደርጋል። ማታ ደግሞ እሳት ይነድዳል፤ እንደ ደመራችን ነው። ታንኳውን መሥራት የሚጀመረው ብዙ ሳምንት አስቀድሞ ስለ ሆነ፣ ቴፕና ስታይሮፎም ይዞ የሚተባበር ሰው ይፈለጋል። የእኛ ቡድን ታንኳ በመጀመሪያው ፏፏቴ ተገለበጠ፤ ደንገል እንዴት እንደሚታሰር ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ አድጌ የእነሱን አተሳሰር አለማረሜ እስካሁን ይቆጨኛል።

በዚያው ቤተ መጻሕፍት የብር መጽሐፍ ቅዱስ የሚባል የ6ኛው መቶ ዘመን የጎቲክ ቋንቋ ወንጌል ታያለሽ፤ በሐምራዊ ብራና ላይ በብርና በወርቅ ቀለም የተጻፈ ነው። የክብራን ገብርኤልን ወይም የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የብራና መጻሕፍት ላየ ሰው ከስዊድን ጓደኛው ጋር ቆሞ ብዙ የሚጫወትበት ነገር አለው። ስለ ብስክሌት ለባሕር ዳር ልጅ መምከር አያስፈልገኝም፤ ያገለገለ ግዢ፣ ሲመሽ ግን ያለ መብራት መንዳት በሕግ የተከለከለ ነው።

መልስ፦ መምህር ከፖሊ

ልጄ፣ እኔ ኡፕሳላን አላየሁም፤ በዚህ በባሕር ዳር ግን ከሌላ አገር የመጡ ተማሪዎችን ለብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ። በጥምቀት ከእኛ ጋር ይወጡና ስልካቸውን ይዘው ጥግ ላይ ይቆሙ ነበር። አንድ ዓመት ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ምንጣፍ የሚያነጥፉት ወጣቶች ሰው አንሶአቸው አንዱን የሱዳን ልጅ ጠሩት፤ ጥቅልሉን ተሸክሞ እየሮጠ እያነጠፈ፣ ታቦቱ ሲያልፍ እየጠቀለለ እንደገና ወደ ፊት እየሮጠ ዋለ። ከዚያ ቀን በኋላ በሰፈሩ ውስጥ በስሙ የማይጠራው ሰው አልነበረም። እኛ ግን አስቀድመን ልንጠራው አላሰብንም ነበር፤ ይህን ስል አዝናለሁ። የዚያ አገር ሰዎችም ሳይጠሩሽ ቢቀሩ ጠልተውሽ እንዳይመስልሽ፤ ቀድመሽ እጅሽን ዘርጊ።

የጣና ዳር ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ ምክርዎን ይዤ እሄዳለሁ። የፊካውን ሥራና መዘምራኑን መርጫለሁ። የቀረኝ ሁለት ጥያቄ ነው፤ ስዊድንኛ የማይችል ሰው ከመዘምራን ይገባል? ጀበናና ጥሬ ቡና ይዤ ብመጣስ?

መልስ፦ ከፍሎግስታ

ኡፕሳላ የመዘምራን ከተማ ናት፤ አልሜና ሶንገን የሚባለው ከ1830 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ይዘምራል። እሱን የመሳሰሉት የሚቀበሉት በጥብቅ ፈተና ነው፤ በናሹኖች መዘምራን ግን መግባት ይቀልላል። ድምፅ የሚፈተነው ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ስለ ሆነ እንደ ደረስሽ ጠይቂ። እኔ የዘፈኖቹን ቃል በፊደላችን ጽፌ ነው የያዝኋቸው፤ ስዊድንኛዬም ከክፍል ይልቅ ከዚያ የመጣ ነው።

ጥሬ ቡና ግን አታምጪ። አንድ ቅዳሜ በጋራ ወጥ ቤታችን ቡና ስቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ጎረቤቶቼ ሁሉ በበረዶ ላይ በነጠላ ጫማ ቆሙ፤ የእሳት አደጋ መኪናም መጣ። እማማ አሁን ቆልተው ይልኩልኛል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ሦስቱንም ስቀዳ ፊካቸው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ አንድም ሰው ተነሥቶ አያውቅም። ቡናን «ኮፊያ አራቢካ» ብሎ በ1753 የሰየመው ካርል ሊኔየስ የዚህችው ከተማ መምህር እንደ ነበረ፣ ቡናው ራሱ ግን ከእኛ ጫካ እንደ ሆነ ስነግራቸው ጨዋታው ከዚያ ይጀምራል። ጀበናውን በጋቢ ጠቅልለሽ በእጅሽ ያዢው፤ የእኔ በሻንጣ ውስጥ አንገቱ ተሰብሮ ነው የደረሰው።